ለጊዮርጊስ የተሳለው አውራ

ከሞላሌ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን እንደ እትዬ ደብሪቱ ተጠራጣሪ ሰው የለም። የበግ ማኅበራችን ሲቋቋም መጨረሻ የገቡት እሳቸው ናቸው። ድሮ ደህናው ጠቦት ለበዓል ገበያ ይወጣል፤ ለማስረቢያ አውራ ሆኖ የሚቀረው ገዢ ያጣው ኮሳሳ ነበር። የበጋችንም ቁመና ከዓመት ዓመት አነሰ። አሁን ጠቦቶቹ ጆሯቸው ላይ ቁጥር ይደረግላቸዋል፤ ዓመት ሲሞላቸው ምርጦቹ ለሁላችንም አውራ ይሆናሉ፣ የቀሩት ይኮላሻሉ።

«ዛሬ በጉን ይመርጣሉ፣ ነገ ግቢውን» ይሉ ነበር እትዬ ደብሪቱ።

ዘንድሮ ምርጫው የእሳቸው ቦቃ በግ ላይ ወደቀ።

«እሱማ ስለት ነው» አሉ ገመዱን ሳብ አድርገው። «ልጄ ፅዮን ምጥ ሲጠናባት ለጊዮርጊስ ተስያለሁ።»

የማኅበሩ ሊቀ መንበር አፈወርቅ ሳቀ። «እትዬ፣ ስለቱ ዛሬ ትዝ አለዎት? ከነጋዴ ጋር ተነጋግረው እንዳይሆን!»

«አንተስ ለሚስትህ በጎች ብቻ አስበኸው እንዳይሆን?»

ፅዮን በሰላም ተገላግላለች፤ ሕፃኗም ደህና ናት። ስለቱ ቢቀር ግን ምን ይመጣባቸው ይሆን? እትዬን እንቅልፍ የነሳቸው ይህ ነው። እኛን ያስጨነቀን ደግሞ ቦቃው ከታረደ ሌላ እንዲህ ያለ አውራ አለመኖሩ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቦቃው ከበረት ወጥቶ ከመደባቸው አጠገብ ታሰረ። በገበያ ቀን የአፈወርቅ ሚስት እሳት ልጫር ብላ ትገባለች፤ ዓይኗ ግን በጉ ላይ ነው።

«እሳቱ በዚህ በኩል ነው፣ እታለም» ይሏታል።

የጊዮርጊስ ዕለት በጉን እየጎተቱ ወጡ። እኛም ራቅ ብለን ተከተልን። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ስንደርስ ቆም አሉ፤ አንዱ ወደ ደብሩ፣ አንዱ ወደ ሞላሌ ገበያ ይወስዳል። ዞር ብለው፣

«ኑ ቅደሙኝ! ከኋላ አንገታችሁ ይጣመማል» አሉና ወደ ደብሩ ታጠፉ።

ከቅዳሴ በኋላ እንደ ልማዱ ስለቱ ለጨረታ ቀረበ። አንድ የሞላሌ ልኳንዳ ነጋዴ ዋጋ ጠራ። አፈወርቅ እትዬን በጎሪጥ አየ፤ እሳቸውም እሱን። ያኔ ነው አንዱ አባላችን «በማኅበሩ ስም አንገዛውም እንዴ?» ያለው። ያለንን አዋጥተን ጨመርን፤ ነጋዴው ተወልን። ስለቱም ገባ፣ አውራውም ተረፈ። እግዚአብሔር ይመስገን።

የት ይደር ሲባል ግን ሁሉም «እኔ ዘንድ» አለ፤ ማንም ማንንም አላመነም። የደብሩ ቄስ አባ ይሥሐቅ፣

«ከእትዬ ደብሪቱ ይደር። እንዲህ ያለ ጠባቂ አታገኙም» አሉ።

«የጊዮርጊስን በግ ወደ ቤቴ?» ደነገጡ እትዬ።

«ስለትዎ ገብቷል። አሁን የማኅበሩ ነው።»

ዛሬ በየበረቱ ቦቃ ግልገል ይቦርቃል፤ በአፈወርቅ በረትም ጭምር። አፈወርቅ ግን አውራው እንዳልተለወጠ ለማየት አሁንም ማታ ማታ በእትዬ አጥር ሥር ያልፋል።

«ና ግባ!» ይሉታል ከውስጥ። «የጆሮውን ቁጥር አንብበህ ሂድ!»