ለሰርጉ የተቃኘች መኪና

አባቴ ዕድሜያቸውን ከጭነት መኪና ሞተር ጎን ተቀምጠው ስላሳለፉ፣ ጡረታ ወጥተው ፍኖተ ሰላም ቤታችን ሲገቡ ጆሯቸው ደክሞ ነበር። ጠጋ ብለው ካልጮኹላቸው አይሰሙም። መጀመሪያ ላይ ራሳቸው ይስቁበት ነበር፤ ኋላ ግን እንግዳ ሲመጣ ቀስ ብለው እየተነሡ ጓሮ መግባት አመጡ። ጓሮ ውስጥ አሮጌ ሰማያዊ መኪናቸው ቆማለች። ያጥቧታል፣ ይወለውሏታል፤ ሞተሯን መንካት ግን ትተዋል። «ሞተር የሚበጀው በጆሮ ነው» ይሉ ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ሊያገባ ቀኑ ሲቃረብ ቤንዚን ጠፋ። ማደያው ደጃፍ ባጃጆች ተሰልፈው ይውሉና ሲመሽ እየተገፉ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ሙሽራዋ ያለችው ከቡሬ ወጣ ብሎ ገጠር ነው። ለሰርጉ የተከራየነው መኪና ሹፌር ነዳጅ አላገኘሁም ብሎ ቀረ። ወንድሜ «በቃ በፈረስ ጋሪ አመጣታለሁ» ብሎ ቀለደ፤ እናቴ ግን አልሳቀችም።

የቀረችን የአባቴ መኪና ብቻ ናት። የነዳጅ ጠቋሚዋ ከሩብ በታች ወርዷል። ደህና መኪና በዚያ ቡሬ ደርሶ ይመለሳል፤ የእኛዋ ግን ጥቁር ጭስ እየተፋች ቤንዚኑን እንደ ውኃ ነበር የምትጠጣው። በዚህ አያያዟ ማንኩሳን እንኳ አልፋ መመለሷ ያጠራጥራል።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ኮፈኗን ከፍተው ጠሩኝ።

«ነይ ልጀ፣ ዛሬ ጆሮየ አንቺ ነሽ። አስነሺና ምን እንደምትል ንገሪኝ።»

አስነሣኋት። ወርጄም ጆሯቸው ሥር ጮህኩ፤ «ትንተከተካለች አባየ!»

«እንደ ምን?»

«እንደ ሽሮ!»

«ሽሮ እንደ ቤቱ ነው። ቀጭን ነው ወፍራም?»

ከአጥሩ ማዶ ሳቅ ሰማሁ። እኔ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነኝ፤ የሞተር ድምፅ በምን ቃል እንደሚነገር ከየት ልወቅ? «ያስላታል» አልኩ፣ «ታጉረመርማለች» አልኩ። እሳቸው በያንዳንዱ ቃል አንድ ነገር ያጠብቃሉ፣ አንድ ነገር ያላላሉ፤ እሷ ግን ይብስባት ጀመር። በመጨረሻም ጠፋች። አባቴ እጃቸውን በጨርቅ ሲጠርጉ፣ ከቃላቴ ማነስ የተነሣ ሰርጉን ያበላሸሁ መሰለኝ።

በዚህ መሐል የግቢው በር ተንኳኳ። አጥር የምንጋራቸው መሪጌታ ናቸው፤ ዲያቆናት ዜማ የሚማሩት እሳቸው ዘንድ ነው። መቋሚያቸውን ይዘዋል። ትምህርታቸውን አውከን ሊቆጡን የመጡ መስሎኝ «ይቅርታ የኔታ፣ ረበሽንዎ» አልኩ።

«እስቲ ድገሚና አስነሺያት» አሉኝ።

አስነሣኋት። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና፣ ጭሱን አይተው ወደ አባቴ ጆሮ ጎንበስ አሉ።

«ይህች መኪና ቆማም ትነዳለች!»

አባቴ ለአፍታ አሰብ አደረጉ። ነገሩ ሲገባቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። መንዳትን ሳይሆን መንደድን ማለታቸው ነበር፤ ሳይሄዱባት ቤንዚን የምታነድ።

ከዚያ መሪጌታው ያላሰብኩትን ነገር አደረጉ። የሞተሩን ምት በመቋሚያቸው መሬቱ ላይ መምታት ጀመሩ። ምት፣ ምት፣ ባዶ፣ ምት። ደግሞ ምት፣ ምት፣ ባዶ፣ ምት። አባቴ የመቋሚያውን ጫፍ አፍጥጠው አዩት። ቀስ ብለው አንድ እጃቸውን የመኪናዋ ትከሻ ላይ አሳረፉ፣ መቋሚያውን እንደገና አዩ፣ ፊታቸው በራ።

«አንዷ ካንዴላ አትሠራም! የኔታ፣ እንዳያቆሙ!»

ካንዴላ ቤንዚኑን በብልጭታ የምትለኩሰው ናት። የጎማ ጓንት አጥልቀው የካንዴላዎቹን ገመዶች ተራ በተራ ይነቅሉና ይመልሱ ጀመር። የጤነኛ ካንዴላ ገመድ ሲነቀል ሞተሩ ይንገዳገዳል፣ የመሪጌታው መቋሚያም አብሮ ይንገዳገዳል። የዳሯን ሲነቅሉ ግን መቋሚያው እንደነበረው ቀጠለ፤ ብትኖርም ባትኖርም ለውጥ የላትም። ሞተሩን አጥፍተን ስናወጣት ጥላሸት ለብሳ ከሰል መስላለች። ሌሎቹም ከእሷ ብዙ አይሻሉም። በሽቦ ብሩሽ ፈተግናቸው። የአየር ማጣሪያውን እኔ ወስጄ ግንብ ላይ ሳራግፈው የስንት ዓመት የገጠር መንገድ አቧራ ቀሚሴ ላይ አረፈ። «ቤንዚን ብቻ እየጠጣች አየር አጥታ ነው እንጂ» አሉ አባቴ።

የቀረው ካርቡራቶሩ ነው፤ ቤንዚንና አየር የሚደባለቁበት። አባቴ ትንሿን ብሎን በካቻቢቴ በጥቂት በጥቂቱ ያዞራሉ፣ ዓይናቸው ግን መቋሚያው ላይ ነው። ሲያጠብቁ ምቱ ይሰናከላል፣ ሲያላሉ ይስተካከላል፤ ትንሽ ሲያልፉ ደግሞ ይከብዳል። ሲመለሱ፣ ሲሄዱ ቆይተው አንድ ቦታ ላይ ምቱ እኩል ሆነ፣ ጭሱም ጠፋ። መሪጌታው ሳይታወቃቸው ትከሻቸው መወዛወዝ ጀመረ። አጥሩ ላይ የተንጠለጠሉት ዲያቆናት በሳቅ ፈረሱ።

«ምን ያስቃችኋል?» አሉ የኔታ ፈገግታቸውን እየዋጡ። «የተስተካከለ ነገር ሲሰማ ሰውነት ዝም አይልም።»

በሰርጉ ቀን መሪውን እኔ ያዝኩ። አባቴ ጎኔ፣ ወንድሜና ሚዜው ከኋላ። ሜዳውን ስናቋርጥ ነዳጁን ጫን ባደረግኩ ቁጥር አባቴ ጉልበቴን ይነካሉ፤ «ረጋ በይ፣ ሙሽራዋ የትም አትሄድም።» ቡሬ አካባቢ ሰሌን ላይ የተሰጣው በርበሬ ከሩቅ ይቀላል። ገጠር ስንደርስ የሙሽራዋ ቤተሰቦች ሳትበሉ አትወስዷትም ብለው አቆዩን። ሽማግሌው አባቷ መኪናዋን ዞረው ዞረው አይተው፣ «ይቺ ናት ያለ ቤንዚን የመጣችው?» ብለው ጠየቁኝ፤ ወሬው ቀድሞን ደርሶ፣ መንገድ ላይም አድጎ ነበር።

ስንመለስ ከሙሽራዋና ከሻንጣዋ ጋር ተጣበን ነው። ከተማ ገብተን በራችን ላይ ሞተሩን ሳጠፋ ጠቋሚው ቀዩን አልነካም። እናቴ እልል አለች፤ ለሙሽራዋ ይሁን ለቤንዚኑ እስካሁን አልነገረችንም።

ያን ዕለት አባቴ ጓሮ አልገቡም። ዳስ ውስጥ ከመሪጌታው ጎን ተቀመጡ። ዘፈኑ ሲደምቅ የኔታ የምቱን ልክ በጣታቸው አባቴ ጉልበት ላይ ይመታሉ፣ አባቴ ደግሞ ከሰው እኩል ያጨበጭባሉ። አንዴም አልሳቱም። እኔ ወጥ ይዤ ቆሜ ሳያቸው የያዝኩት ሳህን ጋደል ብሎ የአንዱን ሰርገኛ ነጠላ አቀለመው።

አሁን ቤታችን ደጅ ሞተሩን ሊያስቃኝ የመጣ ባጃጅ አይጠፋም። ሁለቱ ሽማግሎች ጠዋት ጠዋት እየተጨቃጨቁ ይሠራሉ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ደምበጫ ድረስ ተጠሩ፤ የወፍጮ ቤት ሞተር ናፍጣ እየበላ አስቸግሮ ነበር። ማምሻውን ከአውቶቡስ ሲወርዱ ከፀጉራቸው እስከ ጫማቸው ዱቄት ለብሰዋል፤ አባቴ የሆነውን ሁሉ ለእናቴ ሊነግሯት መንገድ ላይ ሳሉ ጀመሩ፣ በዚያ በማይሰሙት ትልቅ ድምፃቸው።