የጋሽ ማኑኤልን ባለባልጩት ጠመንጃ ልክ ፍለጋ

ቅዳሜ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ሮዘተንቪል

የዛሬው መንገዴ ሩቅ አይደለም፤ ከጆሃንስበርግ ደቡብ ተነስቼ ማጋሊስበርግ አጠገብ ካለው የተኩስ ክለብ እርሻ ደርሼ መመለስ ነው። ምክንያቱ ግን ለሰው ለማስረዳት ያስቸግራል። ለአንድ ጠመንጃ የባሩዱንና የጨርቁን ልክ ላገኝ ነው የምሄደው።

ጠመንጃው የጎረቤቴ የጋሽ ማኑኤል ነው። የፖርቱጋል ዘር ያላቸው፣ ጡረታ የወጡ የብረት ሠራተኛ ናቸው፤ "ጋሽ" ያልኳቸው እኔ ነኝ፣ እሳቸውም ወደውታል። ጠመንጃውን በገዛ እጃቸው ነው የሠሩት። ባሩዱ በአፈሙዙ ይጨመራል፣ ክብ አረር በጨርቅ ተጠቅልሎ በዘንግ ይገፋል፣ ቃታው ሲሳብ ባልጩቱ ብረት ገጭቶ እሳት ያወጣል። ባለቤታቸው ሉሲያ በወረርሽኙ ካረፉ በኋላ ብቻቸውን ወደ ተኩስ ክለብ መሄድ ስላስጠላቸው እኔን አስተማሩኝ። ድሮ ሦስት ጥይት በአንድ ቀዳዳ ያሳልፍ ነበር ይላሉ። እኔ ግን ይህን አንድም ቀን አላየሁም። እሳቸውም ተኮሱ እኔ፣ አረሩ ደስ ወዳለው ነበር የሚሄደው። እውነቱን ለመናገር የሽማግሌ ጉራ ነው ብዬ ትቼው ነበር።

ከዚያ እሳቸውም ታመሙ። ቢድኑም ሳንባቸው እንደ ድሮው አልሆነም። ሰኞ ደግሞ ጠመንጃውን ለግድግዳ ጌጥ የሚፈልግ ገዢ ይመጣል። ትናንት በአጥሩ ላይ ጠመንጃውንና የማስታወሻ ደብተራቸውን አቀበሉኝና፣ "ከመሸጤ በፊት አንድ ነገር እወቅልኝ። የተበላሸው እሱ ነው ወይስ እኔ?" አሉኝ።

ሁለት ሰዓት፣ ጄፒ

ደብተሩ ሰባ ግሬን፣ ማለትም አራት ግራም ተኩል ያህል፣ ባሩድና ባለመስመር የፍራሽ ጨርቅ ይላል። ጨርቁ አልቆ ስለነበር የአገሬ ሰዎች ሱቅ ወደሚበዛበት ወደ ጄፒ ጎራ አልኩ። ከድር የሚባል የስልጤ ነጋዴ ደንበኛዬ ነው። ግማሽ የተከፈተ የብረት በር ሥር ቆሞ ሜትሩን ስልሳ ራንድ አለኝ። ለምን እንደሆነ ስነግረው ከማስኩ በላይ ዓይኖቹ ሳቁ። አገር ምድሩ ለአፉ ጨርቅ ሲፈልግ አንተ ለጠመንጃ ትገዛለህ ወይ ብሎ ቀለደብኝ፤ ግን አስር ራንድ ቀነሰልኝ። ሻይ ልበልህ ማለት ቃጥቶት ተወው። በዚህ ጊዜ ሰውን ሻይ መጋበዝም ያሳቅቃል።

አራት ሰዓት፣ ከክሩገርስዶርፕ ወዲያ

ከተማው ሲያልቅ የማዕድን አፈር ክምሮቹ ቀሩና በብርድ የደረቀ ሣር ተተካ። መንገድ ዳር አንዲት ሴት ቦምቦሊኖ የመሰለውን ፌትኩክ በተፈጨ ሥጋ ሞልታ በሃያ አምስት ራንድ ትሸጣለች። መኪና ውስጥ መስኮት ዘግቼ በላሁ። ይጣፍጣል፤ ግን ይጣፍጣል የምለው ሰው አጠገቤ አልነበረም። ባለቤቴ በረራ ከመቆሙ በፊት አዳማ ሄዳ እዚያው ቀርታለች። ሥራዬ ላቦራቶሪ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ምራቅና ንፍጥ በብልቃጥ እቀበላለሁ፤ ባለቤቶቹን አላያቸውም። ብቸኝነት እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።

አምስት ሰዓት፣ እርሻው

ዘበኛው ሲፖ "ሳውቦና" ብሎ ሰላም አለኝና የግንባሬን ሙቀት ለካ፣ እጄ ላይ ሳኒታይዘር ጨመረ፣ የተኳሽነት ወረቀቴን አየ። ዛሬ ከእኔ በቀር ተኳሽ እንደሌለ ነግሮኝ ወደ በሩ ተመለሰ።

ኢላማውን ሃምሳ ሜትር ላይ ተከልኩ። ጨርቁን እንደ ክለቡ ሰዎች ዘይት ቀብቼ በደብተሩ ልክ አምስት ጊዜ ተኮስኩ። አምስቱም ተበታተኑ። ከተኩስ በኋላ ጨርቁ ፊት ለፊት ሣሩ ላይ ይወድቃል፤ ሥራው እሱን አንስቶ ማየት ነው። ሁሉም መሃላቸው ተቃጥሎ ነበር፤ ጨርቁ ሲቃጠል አረሩ ቀጥ ብሎ አይሄድም። እንደ ላቦራቶሪ ሥራ አንድ ነገር ብቻ መቀየር አለብኝ ብዬ ባሩዱን ወደ ስልሳ አወረድኩ። ጨርቁ ትንሽ ተረፈ፣ አረሩ ግን አሁንም ተበታተነ። በደረቁ አየር ጥላሸቱ አፈሙዙ ውስጥ ስለሚጋገር ዘንጉን በሁለት እጄ እስከ መግፋት ደረስኩ። ለጋሽ ማኑኤል የምነግራቸውን ክፉ ዜና ማዘጋጀት ጀመርኩ።

ወደ ሰባት ሰዓት ላይ ነፋስ ተነሳ። የቆረጥኳቸውን ጨርቆች ሊወስድብኝ ሲል፣ በአንድ እጄ ጠመንጃውን በሌላው ባሩዱን እንደያዝኩ፣ ማስኬን በክንዴ ወደ ታች ገፍቼ አንዱን ጨርቅ በጥርሴ ያዝኩት። ወዲያው ደነገጥኩ። ከዓመት በላይ አፌ የጠላት ቤት ነበር። ዙሪያዬን አየሁ፤ ማንም የለም። ጨርቁ ርሷል። እንዳለ ከተትኩት፤ አረሩ ሳይታገለኝ ወረደ።

በዚያው በስልሳው ግሬን አንድ ተኮስኩ። ሌላ ጨርቅ አኝኬ ደገምኩ፤ ሦስተኛም። ሄጄ ሳይ ሦስቱ ቀዳዳዎች ተነካክተዋል፤ ጨርቆቹም ጥላሸት እንጂ መቃጠል አልነካቸውም። ስላላመንኩ ወደ ዘይቱ ተመለስኩ፤ ተበታተነ። በምራቅ ደገምኩ፤ ተሰበሰበ። ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅኩ።

አስራ አንድ ሰዓት፣ ሮዘተንቪል

የኢላማውን ወረቀት በመስኮታቸው መስታወት ላይ ለጠፍኩት። ጋሽ ማኑኤል ቀዳዳዎቹን ከውስጥ በጣታቸው ነካኩ። ከዚያ መስኮቱን ስንዝር ያህል ከፍተው ጨርቁን በምን እንዳረጠብኩት ጠየቁኝ። አፈርኩ።

"በምራቄ" አልኳቸው።

ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። 

"ሉሲያ ናታ" አሉ። "አጠገቤ ቆማ ጨርቁን ከአፏ እያወጣች ታቀብለኝ ነበር። እጇ ስለሞላ አፏ ውስጥ የምትይዘው ይመስለኝ ነበር። ከሞተች ወዲህ የምቀባው የጠርሙስ ዘይት ነው። የባሩዱን ልክ ሁሉ ጽፌአለሁ፤ እሷን አልጻፍኳትም።"

ደብተሩን ከኪሴ አወጣሁ። እኔ እንድጽፍ ነገሩኝ። ስልሳ ግሬን፣ የፍራሽ ጨርቅ ብዬ ጻፍኩና ማርጠቢያው ላይ ምን ልበል ስላቸው "ስሟን" አሉኝ። ጻፍኩት። ሰኞ ለሚመጣው ገዢ እንዳይደክም ደውልልኝ ብለው መስኮቱን ዘጉ።

ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ አዳማ ደወልኩ። ሰው አብሮት የኖረውን ሰው ሥራ የሚያውቀው ነገር መበላሸት ሲጀምር ነው፤ መንገዱ ያስተማረኝ ይህን ነው። ባለቤቴን እዚህ ሳለሽ እኔ ሳላይ ምን ምን ትሠሪ ነበር ብዬ ጠየቅኳት። አመመህ እንዴ ብላ ደነገጠች። አለመታመሜን ስነግራት አንድ በአንድ ትነግረኝ ጀመር።