ጋሽ ክሬም የተላጠ ግድግዳ ያየ ዕለት

ጋሽ ክሬም ቀለም ቀቢ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ቀብቷል፤ ከዚህ ውስጥ ሃያ ስድስቱን ዓመት ያህል የቀባው ክሬም ነው። ቢሮ ክሬም፣ ኮሪደር ክሬም፣ የመማሪያ ክፍል ክሬም፣ የሐኪም ቤት ተራ መጠበቂያ ክሬም። ቅጽል ስሙን ያወጡለት አብረውት የሚውሉት ግንበኞች ናቸው። ሲጠሩት አይቆጣም። «ቡኒ ከምትሉኝ ይሻላል» ብሎ ነገሩን ዘግቶታል።

በሥራው እንከን አይወጣለትም። ግድግዳውን ይፍቃል፣ ስቱኮ ይቀባል፣ እስኪደርቅ ይጠብቃል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፣ መነሻ ቀለም ያስይዛል፤ ክሬሙ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጥሩ ቀለም ማለት ሰው የማያየው ቀለም ነው ብሎ ያምን ነበር። አንድ ሰው ክፍል ውስጥ ገብቶ «አቤት ግድግዳ!» ካለ አንድ የተበላሸ ነገር አለ ማለት ነው። በዚህ ሚዛን ከሄድን፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም ምንም ብሎት ስለማያውቅ፣ የተሳካለት ሰው ነበር።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ የምትሠራውም እቤቷ፣ ሳሎን ውስጥ መስኮቱ ሥር ነው። ቤቱ የአባቷ ነበር። እሳቸው ሲያርፉ ለእሷ ደረሰ፤ ጋሽ ክሬምም ገብቶ ክሬም ቀባው።

አንድ ሰሞን የሥዕልና የፎቶግራፍ ማሳያ አዳራሽ እንዲቀባ ተጠራ። አንዱ ኤግዚቢሽን ወርዶ ሌላው እስኪሰቀል አራት ቀን ብቻ ነበር። ግድግዳው በሚስማር ተበሳስቶ ወንፊት መስሏል። ቀዳዳውን መድፈን፣ ማለስለስ፣ ከዚያ ነጭ መቀባት ነው የተባለው።

«ክሬም አይሻልም?» ብሎ ጠየቀ።

«ነጭ» አለችው የአዳራሹ ኃላፊ። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ነገር የማታስረዝም ሴት ናት።

በሁለተኛው ቀን አዲሶቹ ፎቶዎች ደረሱ። ሁሉም እንደተጠቀለሉ ወደ ዕቃ ቤት ሲገቡ አንዱ በሩ አላሳልፍ አለው። መጠቅለያውን ገፈው አዳራሹ መሐል ምሰሶ ላይ አስደግፈውት ሄዱ። ቁመቱ ከጋሽ ክሬም ይበልጣል። ጋሽ ክሬም ከመሰላሉ ላይ ሆኖ ዞር ሲል ዓይኑ አረፈበት።

ፎቶው የግድግዳ ነው። ሰው የለበትም፣ አበባ የለበትም፣ ግድግዳ ብቻ። ያውም የተላጠ። ላዩ ክሬም ነው፤ ክሬሙ እንደ ደረቀ ቅጠል ተጠቅልሎ ከሥሩ ውሃ ሰማያዊ ይታያል፤ ሰማያዊው በተራው ተቀርፎ የጡብ ቀይ ይወጣል፤ ከሁሉም ሥር ግራጫ ሲሚንቶ። ብርሃኑ ከጎን ስለመታው እያንዳንዷ ልጣጭ የራሷን ጥላ ጥላለች።

ጋሽ ክሬም መጀመሪያ የተሰማው ንዴት ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ ማን ተቀበለው? ደግሞስ ምን አኩርቷቸው ነው ይህን አግንነው ፎቶ የሚያነሱት?

ወደ ሥራው ተመለሰ። ጥቂት ቀዳዳ ደፈነ። ወረደና የፎቶውን የታችኛውን ጥግ አየ። ወጣ፣ ሁለት ቀዳዳ ደፈነ። ወረደና የላይኛውን ጥግ አየ። የምሳ ሰዓት ደርሶ ሌሎቹ ሠራተኞች ወጡ፤ እሱ ምሳ ዕቃውን በእጁ እንደያዘ ፎቶው ፊት ተገተረ።

ኃላፊዋ ስታልፍ አየችው።

«ወደዱት?» አለችው።

«አልወደድኩትም።»

«ታዲያ ቆመው ምን ያያሉ?»

«ጥፋቱን ነዋ።»

«የቱን ጥፋት?»

በምሳ ዕቃው ክዳን እየጠቆመ አሳያት። «ይሄን ክሬም የቀቡት ስቱኮው ሳይደርቅ ነው። እዚህ ጋ ያበጠው ደግሞ ከውሃ ነው፤ ከግድግዳው ጀርባ ቧንቧ ያፈሳል። ሰማያዊውን የቀባው ሰው ባለሙያ ነው፣ እጁ ይታያል። ክሬሙን የቀባው ግን ቸኩሏል።»

ሴትዮዋ መነጽሯን አድርጋ ቀረብ ብላ አየች። «እኛ የጻፍንለት መግለጫ ‹የትዝታ ንብርብር› ይላል» አለች።

«ሊሆን ይችላል» አለ ጋሽ ክሬም። «ቧንቧው ግን መጠገን አለበት።»

በማግስቱ ፎቶውን ያነሳችው ወጣት መጣች። ከራሷ የሚከብድ ቦርሳ የተሸከመች፣ ፈጠን ፈጠን የምትል ልጅ ናት። ኃላፊዋ ነግራታለች መሰለኝ በቀጥታ ወደ መሰላሉ ሄደች።

«ጋሼ፣ ቧንቧ ነው ያሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ተሳሳትኩ?»

«አልተሳሳቱም። ሳነሳው ጫማዬ በስብሶ ነበር።»

ጋሽ ክሬም ከመሰላሉ ወረደ። «ስንት ሰዓት ላይ ነው ያነሳሽው?»

«ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ። ዘጠኝ ቀን ተመላልሻለሁ። ብርሃኑ እንዲህ ከጎን የሚመታው ለሃያ ደቂቃ ብቻ ነው፤ ስምንቱን ቀን ደመና ነበር።»

«ዘጠኝ ቀን ለአንድ ግድግዳ?»

«ለአንድ ግድግዳ።»

«ሰው ምንም አላለሽም?»

«ጥበቃው ሁለት ጊዜ አባሮኛል።»

ጋሽ ክሬም ራሱን ነቀነቀና ወደ ሥራው ወጣ። ወደ ቤቱ ሲሄድ ግን አውቶቡስ ውስጥ ሒሳብ ሠራ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ግድግዳ ቀብቷል፤ ከዚያ ሁሉ ዘጠኝ ቀን ይቅርና ዘጠኝ ደቂቃ ቆሞ ያየው አንድም የለም። እያሰበ መውረጃው አለፈው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ልቡ ሸፈተ። መንገድ ላይ ይቆማል። አንድ ጠዋት የአንድ ሱቅ የብረት በር ዝገት ይዞት ቀረ። ዝገቱ ከላይ ብርቱካንማ ሆኖ ወደ ታች ሲወርድ እየጠቆረ ይሄዳል። ባለሱቁ ወጣ።

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ዝገቱን እያየሁ ነው።»

«ከመንግሥት ነህ?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው እለፍ።»

አለፈ።

ቅዳሜ ጠዋት ሚስቱ የተሰፋ ዩኒፎርም ልታደርስ ስትወጣ ስፓቱላውን አነሳ። ከመስኮቱ ትይዩ ባለው የሳሎን ግድግዳ ላይ በእርሳስ አራት ማዕዘን አሰመረና ከዳር ጀምሮ ቀስ እያለ ይልጥ ገባ። ሚስቱ ስትመለስ ወለሉ ላይ ጋዜጣ ተነጥፏል፣ ጋዜጣው ላይ ልጣጭ ተከምሯል።

«ምን ሆነሃል?» አለችው።

«ምንም።»

«ግድግዳውስ?»

«እሱም ምንም።»

«ሥራ ጠፋ እንዴ?»

«ሥሩ ምን እንዳለ ልይ ብዬ ነው።»

«ሥሩ ግድግዳ ነው። ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።» የስፌት መኪናዋ ጋ ተቀመጠችና ፔዳሉን ረገጠች።

የመጀመሪያው ንብርብር የራሱ ክሬም ነበር። ሁለተኛውም የራሱ ክሬም ነበር፤ ከዛሬ ዐሥራ አምስት ዓመት በፊት የቀባው። ሦስተኛው የደበዘዘ ነጭ። ከነጩ ሥር አረንጓዴ ብቅ አለ፤ አረንጓዴ ይባል እንጂ ወደ ቢጫ ያደላ፣ በየትኛውም ቀለም መሸጫ የማይገኝ ዓይነት። የስፌት መኪናው ድምፅ ተቋረጠ።

«ቆይ» አለች ሚስቱ። ከንፈሯ ላይ የያዘቻትን መርፌ ቁልፍ አወጣችና ተነስታ መጣች። «ይሄ የአባዬ ቀለም ነው።»

አባቷ ከውጭ በር የተረፈ አረንጓዴና ጎረቤት የሰጣቸውን ቢጫ በአንድ ባልዲ ቀላቅለው ራሳቸው የቀቡት ነው። እናቷ ይህን ቀለም እያየሁ አልቀመጥም ብለው አንድ ሳምንት ሳሎን ሳይገቡ ቀሩ። በስምንተኛው ቀን ገቡ። ቀለሙ ግን ዐሥራ አንድ ዓመት ቆየ። «እዚህ ክፍል ውስጥ ነው ማንበብ የለመድኩት» አለች። መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች።

ጋሽ ክሬም በበኩሉ በባለሙያ ዓይን ይመረምራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እኚህ አማት ጋሽ ክሬም ልጃቸውን ሊጠይቅ ሲመጣ «ልጄን የሰው ግድግዳ ለሚልስ?» ያሉ ሰው ናቸው። ልጅቷ አሻፈረኝ ስላለች እንጂ እሳቸው ቢሆኑ አይሰጡም ነበር። ከሠርጉም በኋላ እስኪሞቱ ድረስ ከእሱ ጋር ያወሩት ስለ ዝናብ ብቻ ነው። ጋሽ ክሬም ይህን ለሃያ አራት ዓመት ሆዱ ውስጥ ይዞ ኖሯል።

«አባትሽ መነሻ ቀለም አላስያዙም» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ጠብታውንም አላነሱም። ይኸው እስከ ታች ወርዷል።»

«አውቃለሁ አልኩህ።»

«ብሩሻቸው ፀጉሩ ይነቀል ነበር። ይኸው ሦስት እዚህ ተጣብቆ ቀርቷል።»

ሚስቱ ጎንበስ ብላ ሦስቱን ፀጉር አየች። «እንዳትነቅላቸው» አለችው።

አልነቀላቸውም። እሑድን ሙሉ አረንጓዴውን ሳይጭር በእርጥብ ጨርቅ ሲያጸዳ ዋለ። ሥራው ቀርበው ሲያዩት የባሰ ብልሹ ነበር፤ ግን ሰውዬው ብሩሹን እንዴት እንዳወናጨፉት ይታያል። ቀኝ ግራ፣ ላይ ታች፣ ልክ እንደ ደስ እንዳለው ልጅ። እንዲህ እየቀባ ያፏጭ የነበረን ሰው መቀየም አስቸጋሪ ሆነበት። አማቱ ያፏጩ እንደሆነ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ግን ታየው።

ወደ ማታ ግድም «ቀለሙ ግን ጥሩ ነው» አለ።

ሚስቱ ባሏ ስለ አባቷ ደግ ነገር ሲናገር የሰማችው ያኔ ገና ነው። የያዘችውን ኮሌታ ገልብጣ ሰፋችውና እንደገና ፈታችው።

ቀጥሎ የመጣለት ሥራ የጥርስ ሐኪም ክፍል ነበር። ተራ መጠበቂያው ክሬም እንዲሆን ተነጋግረዋል። ጋሽ ክሬም ግን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ታካሚዎቹ መሐል ወንበር ይዞ ተቀመጠ፤ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት አንድ ጊዜ። ብርሃኑ ከየት እንደሚገባ፣ የት ድረስ ደርሶ እንደሚመለስ አየ። አጠገቡ ያሉ ሴትዮ «የትኛው ጥርስዎ ነው?» አሉት። «ግድግዳው ነው» አላቸው። ሴትዮዋ ወንበር ቀየሩ።

ከዚያ የአማቱን አረንጓዴ አምስት ጊዜ እያቀጠነ በጠበጠ። ከወለሉ ጠቆር አድርጎ ጀምሮ ወደ ጣሪያው እያሳሳ ወጣ። የመጀመሪያው ሙከራ አልሆነም። አንድ ታካሚ ገብቶ ግድግዳውን አየና «ጎርፍ ገብቶ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ክሬም አልተከራከረም፤ በማግስቱ ሙሉውን ፍቆ ንብርብሮቹ የሚገናኙበትን መስመር በስፖንጅ እያደበዘዘ እንደ አዲስ ሠራው።

ሐኪሙ መጥቶ ቆመ። «ክሬም አልነበር የተባባልነው?»

«ነበር። ካልወደዱት በአንድ ቀን ክሬም አደርገዋለሁ። ክሬም እችላለሁ።»

«አንድ ሳምንት ልየው።»

በሳምንቱ ጋሽ ክሬም ክሬሙን በባልዲ ይዞ ሄደ። ያገኘው ተራ የምትጠራዋን ልጅ ነው። «ባልዲውን ይመልሱት» አለችው። «ሰዎቹ ስልካቸውን ትተው ግድግዳውን ነው የሚያዩት። ትናንት አንዱን ሁለት ጊዜ ስሙን ጠርቼው አልሰማኝም።»

«ጥርሱን ፈርቶ ይሆናል» አለ ጋሽ ክሬም። ባልዲውን ግን መለሰ።

ፎቶ አንሺዋም ጋሽ ክሬም ለአዳራሹ ኃላፊ ያወራውን ሰምታ የሳሎኑን አረንጓዴ ላንሳ ብላ መጣች። ሦስት እሑድ ተመላለሰች። ሚስትየው ግድግዳውን ልወልውልልሽ አለች፤ ልጅቷ እባክዎ እንዳለ ይሁን አለች፤ ሚስትየው ወለወለችው። በሦስተኛው እሑድ ብርሃኑ መጣ፣ አንድ ፎቶ ተነሳ። ልጅቷ አንድ ትልቅ አሳትማ አመጣችላቸው። አልሰቀሉትም። «ግድግዳው እያለ ፎቶውን ምን ልናደርገው?» ብላ ሚስትየው ለታናሽ እህቷ ላከችው። እህትየው ፎቶው እንደደረሳት ደወለች፤ ግማሹን ሰዓት ስልኩ ላይ ስታለቅስ፣ ግማሹን ደግሞ እማዬ ልክ ነበረች፣ ቀለሙ ያስጠላል እያለች ስትስቅ ቆየች።

ጋሽ ክሬም ዛሬም በሳምንት ሦስቱን ቀን ክሬም ይቀባል። ሰው ክሬም ይወዳል፣ እሱም አይንቀውም። እንዲያውም ክሬም አንድ ቀለም እንዳልሆነ፣ ጠዋትና ከሰዓት የተለያየ መሆኑን ያየው አሁን ነው። ሁለቱን ቀን ሌላ ነገር ይሠራል። አሁን በእጁ ያለው የአንድ ትምህርት ቤት ደረጃ ነው፤ ሦስት ፎቅ ነው። ከታች እንደ ዝገት ብርቱካንማ ሆኖ ይጀምርና እየሳሳ ሄዶ ላይ ሲደርስ የማለዳ ሰማይ ይመስላል። ያለፈው ሳምንት ርዕሰ መምህርቷ ልታየው መጣች። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቆማ ወደ ላይ አየች፣ ወደ ታች አየች፣ እንደገና ወደ ላይ አየች። እሱ ብሩሹን ይዞ ጠበቀ።

«ሲታጠብ ይለቃል?» አለችው።

«አይለቅም።»

«እንግዲያው የሁለተኛውንም ሕንፃ ደረጃ አንተው ሥራው» አለችና ወደ ላይ መውጣቷን ቀጠለች፤ ቀስ እያለች፣ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች።