አንድ ክንድ ሽቦ

ይንገሩን ያሉኝ ልጆቹ ናቸው። ወልድያ ልጄ ቤት በረንዳ ላይ ሎሚ ስለቅም፣ የልጅ ልጆቼ ደብተር ዘርግተው ይጨቃጨቃሉ። አንዷ «ሁለት መቶ ሃያ ቮልት፣ አምስት አምፔር» ብላ አነበበች። አፌ ቀደመኝና «አርባ አራት ኦም። ኃይሉ ደግሞ አንድ ሺህ አንድ መቶ ዋት» አልኩ።

ደብተሩን ትተው ወደ እኔ ዞሩ። «እምዬ፣ ትምህርት ቤት ገብተው ያውቃሉ እንዴ?»

«ደጃፉንም አልረገጥኩ።»

«ታዲያ ከየት አመጡት?»

ከመርሳ ከተማ ነው ያመጣሁት። በደርግ መጨረሻ፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ ከታላቅ እህቴ ከትርንጎ ጋር ግራና ከምትባለው መንደር ማንጎ እያመጣን መንገድ ዳር እንሸጥ ነበር። የዚያን ጊዜ ማንጎ ጭማቂው እስከ ክርን ይወርድ ነበር፤ የአሁኑ ምን እንደነካው እንጃ። ጦርነቱ ሲጠጋ መኪና ቀረ፤ ማንጎውም ዛፉ ላይ በሰበሰ። እኔ መንገድ ዳር በተከፈተች ጊዜያዊ ማከሚያ ውሃ ቀጂ ሆንኩ። አንዲት ቆርቆሮ ቤት፣ አንድ ቁስል የሚያክም ድሬሰር፣ አንዲት ትንሽ ጄኔሬተር፤ ያለው ይኸው ነው።

ጄኔሬተሯን የሚያንቀሳቅሱት ጋሽ ይማም የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ባልዲዬን አስቀምጬ አጠገባቸው ስቀመጥ ዝም ማለት አይሆንላቸውም።

«ቮልት ግፊቱ ነው፣ እንደ መስኖ ውሃ። አምፔር በቦዩ የሚያልፈው ነው። ግፊቱን ለሚያልፈው ስታካፍዪው የሽቦውን እምቢታ ታገኛለሽ፤ ኦም ይሉታል። ስታባዢው ደግሞ ጉልበቱን፣ ዋቱን።»

«ሽቦ እምቢ ይላል?»

«እምቢ ባይል መች ይግል ነበር?»

ማካፈልና ማባዛትን ገበያ አስተምሮኛል፤ አልከበደኝም። ይህ እምቢታ የሚሉት ነገር ግን ልቤ ውስጥ ገባ።

የሕክምናው መሣሪያ የሚቀቀለው በኤሌክትሪክ ምድጃ ነበር። ማገዶ ክልክል ነው፤ ጭስ ከታየ አውሮፕላን ይመጣል። የምድጃው ጥቅልል ሽቦ ሲበጠስ ድሬሰሩ ሁላችንም እንደምናደርገው የተቃጠለውን ቆርጦ ይጥልና ጫፍና ጫፉን ጠምዝዞ ያያይዘዋል። ሽቦው ባጠረ ቁጥር ይበልጥ ይፋጃል። ሰው ደግሞ «ተሻለው» ይላል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ትርንጎን በቃሬዛ አመጧት። የቦምብ ፍንጣሪ ጭኗ ውስጥ ገብቷል። ድሬሰሩ አሁኑኑ ካልወጣ እግሯን እንደምታጣ ነገረኝና መሣሪያውን ምድጃው ላይ ጣደ። ማብሪያውን ሲጫን ጄኔሬተሯ አቃሰተች፤ የአምፔሩ መርፌ ስድስትን አልፎ ሄደ፤ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ሮጬ ጄኔሬተሯን አጠፋኋት። ጋሽ ይማም ወባ ጥሏቸው ጥግ ላይ ጋቢ ለብሰው ይንቀጠቀጣሉ።

«ጄኔሬተሯ ከስድስት አምፔር በላይ አትችልም» አሉኝ። «ሽቦው ሲገዛ አራት ክንድ፣ አርባ አራት ኦም ነበር። ለኪው።»

ለካሁት፤ ሦስት ክንድ ቀርቷል። አራቱ አርባ አራት ኦም ከሆነ ሦስቱ ሠላሳ ሦስት ነው። የጄኔሬተሯን ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ለሠላሳ ሦስት ሳካፍል ከስድስት ተኩል አለፈ።

በዚህ መሃል አካባቢውን የያዙት ታጣቂዎች አዛዥ ገባ። የየትኛው ወገን እንደነበር ለልጆቹ አልነገርኳቸውም፤ እዚህም አልናገረውም።

«ምን ቆማችኋል? አስነሺው!»

«አላስነሳም። ከተቃጠለች ለማንም አትሆንም።»

«ማንጎ ሻጭ ስለ ሞተር ልታስተምረኝ ነው?»

«ሂሳብ ማንጎ ሻጭ፣ አዛዥ ብሎ አይለይም፣ ጌታዬ። የጎደለን አንድ ክንድ ሽቦ ነው። እርስዎ ቤት እንዲሁ ያለ ምድጃ አለ፤ የናንተ ጄኔሬተር ደግሞ ትልቅ ነው።»

ሳቀ። «ሻዬን በምን ላፍላ?» አለና ወደ ውርጌሳ የሚሄደው መኪናው ላይ ወጣ።

አቧራው እስኪበርድ አልጠበቅኩም። የጋሽ ይማምን ፒንሳ ነጠላዬ ውስጥ ሸሽጌ፣ ውሃ እንደማደርስ እንስራ አዝዬ፣ በር ላይ በቆመው ጠባቂ ፊት አልፌ አዛዡ ቤት ገባሁ። የምድጃውን ሶኬት ነቀልኩ፤ አንድ ክንድ ለክቼ ቆረጥኩ፤ የቀረውን እንዳያስታውቅ ሳብ ሳብ አድርጌ የምድጃው ቦይ ውስጥ መለስኩት። እንስራዬን አዝዬ በመጣሁበት ወጣሁ።

ሽቦውን ስንቀጥለው መርፌው አምስት ላይ ቆመ። ውሃው ፈላ። ፍንጣሪው ወጣ። ትርንጎ ዛሬም ሰርግ ቤት ሄዳ ከእኔ በላይ ትጨፍራለች።

እኔ ግን አዛዡ ከአካባቢው እስኪወጣ ድረስ ጎዳናውን ትቼ በማሽላው መሃል ነበር የምሄደው። ቢይዘኝ የምመልስለትን ቃል እንኳ አዘጋጅቼ ነበር፤ አልጸጸትም የሚል።

ከብዙ ዓመት በኋላ ወልድያ መናኸሪያ ባጃጅ ስጠብቅ አንድ ጎልማሳ ሰላም አለኝ። ያኔ በር ላይ የነበረው ጠባቂ ነው። ጨነቀኝና ስለ ምድጃው ቀድሜ ተናዘዝኩ።

ሳቀ። «አዛዡማ ማን እንደጠገነለት ሳያውቅ ሄደ» አለኝ። «‹ይህ ምድጃ ምን ነካው፣ ሻዬ ድሮ ከሚፈላው ቀድሞ ይፈላል› እያለ ለመጣው ሁሉ ያወራ ነበር።»

ባጃጅ ውስጥ ሆኜ በጣቴ አሰላሁት። ለትርንጎ ስል የማከሚያውን ምድጃ ሳሰላ የእሱን ረስቼው ኖሯል። አንድ ክንድ ሰርቄው ከሦስት መቶ ስልሳ ዋት በላይ ጨምሬለታለሁ።