ብረት ነካ የተባለው መሐንዲስ

በ1963 ዓ.ም. የሃያ ስምንት ዓመት ሰው ነበርሁ። አግብቼ፣ አንዲት ሴት ልጅ ወልጄ፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ያለውን የአባቴን መሬት አርስ ነበር። ፊደል ያስቆጠረኝ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ጽሑፌ ቢንጋደድ ታገሡኝ። ነገሩ ግን አልተንጋደደም።

በዚያ ዓመት ወንድሜ አዲስ አበባ ከዩኒቨርሲቲ በመካኒካል መሐንዲስነት ተመርቆ መጣ። ከእኛ ሰፈር መሐንዲስ የሆነ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። አባታችን ቁርአን የሚያስቀሩ ሸህ ናቸው፤ በግ አሳርደው ዱዓ አስደረጉ። ሰው ሁሉ መሐንዲስ ማለት ተቀምጦ በጣቱ የሚያዝ ሹም ነው ብሎ ገምቶ ነበር። አንዱ ጎረቤት የመኪና መንገድ ሲመጣ በደጄ አሳልፍልኝ አለው። ሌላው የመሬት ክርክሩን ከአንድ እስከ መጨረሻው ነገረው።

ከሁሉ የባሱት የእጮኛው አባት ነበሩ። ልጅቱ ወንድሜ ተማሪ ሳለ በሽማግሌ የታጨችለት ናት። እሳቸው አጅባር ገበያ ድረስ ወርደው፣ ያገኙትን ሰው እያስቆሙ አማቼ መሐንዲስ ነው ይሉ ነበር።

አንድ ቀን በሬዎቼን ስፈታ ወንድሜ እርሻው ላይ መጣ። እንግዲህ ምን ልትሠራ ነው አልሁት። አብረውት የተመረቁት የገቡበትን ነገረኝ። አንዱ የአውሮፕላን ሞተር ከሚጠገንበት ገብቷል። ሁለቱ ቆላ ወርደው ስኳር ፋብሪካ። አንዱ ከወንዝ መብራት ከሚያወጡት ዘንድ ተቀጥሯል። ሌላው በቴክኒክ ትምህርት ቤት ያስተምራል፤ አንዱም ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ወንበር አግኝቶ ወረቀት ይፈርማል። እሱንም ስኳር ፋብሪካው ጠርቶታል።

«እኔ ግን ጋሼ፣ እዚሁ ወንዛችን ላይ የውሃ ወፍጮ ልተክል ነው» አለኝ። «መጀመሪያ እህል ይፍጭ። ሲሰነብት ዲናሞ እገጥምበትና መካነ ሰላም መብራት ታያለች።»

ሳቅሁበት። ማታ ቤቴ ስገባ ሚስቴ ድንጋይ ወፍጮው ላይ ጎንበስ ብላ አገኘኋት። ከተማ ያለው የናፍጣ ወፍጮ ተሰብሮ፣ ዕቃው ከደሴ እስኪመጣ ሴቱ ሁሉ እንደዚያ ጎንበስ እንዳለ ነበር። ሳቄ ጠፋ። በሳምንቱ ከወንድሜ ጋር ቦዩን መቆፈር ጀመርሁ።

የወፍጮውን ዘንግ ደሴ ላይ ከተሰባበረ የጭነት መኪና አስነቅሎ፣ እስከ አጅባር በመኪና፣ ከዚያ ወዲህ በሰው ትከሻ አስመጣው። ጫፍና ጫፉ እሳት ገብቶ፣ በመዶሻ እየተቀጠቀጠ መሳብ ነበረበት። ይህን የሚሠራ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ያለው ጠይብ ብቻ ነው።

በእኛ አገር ሰው ከጠይብ አጥር አልፎ አይገባም። ማረሻውን ይዞ ይሄድና አጥሩ ሥር ያስቀምጣል፤ ጠይቡ ስሎ እዚያው ይመልስለታል። ከቤቱ አይቀመጥም፣ ውሃውን አይቀምስም። ቡዳ ናቸው ይባላላ። በሰው ማረሻ ሁሉ ላይ እጃቸው አለበት፤ እጃቸውን የሚጨብጥ ግን የለም።

ወንድሜ ቱታውን ለብሶ ገባ። ወናፍ ሲነፋ፣ መዶሻ ሲያነሳ፣ ከጠይቡ ልጆች ጋር ከአንድ ገበታ ሲበላ ሰነበተ። የዘንጉ አንድ ጫፍ እንዳለቀ ወሬው ገበያ ወጣ። የሸሁ ልጅ ቀጥቃጭ ሆኖ መጣ ተባለ። አንዱ ቀልደኛ፣ ይህን ለመማር አዲስ አበባ ድረስ ምን አደከመው፣ ከወንዝ ማዶ በነጻ ያስተምሩት የለም ወይ እያለ ሰው አሳቀ። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ያልመታሁት አባቴ ሰምተው እንዳልሰሙ መንገዳቸውን ስለቀጠሉ ነው።

ወዲያው የእጮኛው አባት ሽማግሌ ሰበሰቡ። ከሰዓት በኋላ ከመስጊዱ ጀርባ ካለው ጥድ ሥር ተቀመጥን። ጫት ተዘረጋ፣ ዱዓ ተደረገ። እሳቸውም ቃላቸውን አኖሩ፤ ወንድሜ ብረት በእጁ ዳግም ላይነካ ይማል፣ አዲስ አበባ ገብቶ ከወንበር ላይ ይሥራ፣ እንቢ ካለ ልጄን አልሰጥም አሉ።

ወንድሜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባቴ፣ እኔ የተማርሁት ብረት ነው። እጄን ቆርጬ ልማልልዎ?» አላቸው።

«እጅህን እዚያ ሩቅ አገር አውለው። እዚያ ብትነካ ማን ያይሃል?»

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ነገሩ ይኸው ነው! ቆላ ወርዶ ለሰው አገር ብረት ቢያግል፣ አውሮፕላን ሆድ ገብቶ በግራሶ ቢጨማለቅ ክብር ነው። የእኛን ሴቶች ከድንጋይ ላይ ቢያነሳ ግን ነውር ሆነ። አባታችን ሳይቀሩ፣ ማልላቸው ልጄ፣ ይለፍ በሚል ዓይን ያዩት ነበር።

ተነሳሁ። «የእርስዎን ማረሻ ማን ነው የሚስለው?» አልኋቸው።

«እሱ ይስላል። ከልጄ ጋር ግን አይበላም።»

«ልጅዎ የምትበላውን እህልስ ማን አበቀለው? ማረሻው አይደለም?»

አንዱ ሽማግሌ ተቀመጥ እንጂ አንተ ብሎ ጫት ዘረጋልኝ። አልተቀበልሁም። ወንድሜም አልማለም። ለልጅቱ የሰጠነው ልብስ ይመለስ ተባለና ጉባኤው ተነሳ። ልጅቱን አንድ እንኳ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ወደ ቤት ስንመለስ ወንድሜ፣ ሐሙስ ወደ ስኳር ፋብሪካው እሄዳለሁ አለኝ። እዚያ ብረት ብነካ የአባቴን ስም የሚያነሳብኝ የለም አለ። ፈሪ ነህ አልሁት።

«ፈርቼ አይደለም ጋሼ፤ ደክሞኝ ነው።»

ዘንጉስ ብዬ ብጠይቀው፣ እዚያው ይቅር አለኝ።

ቤት ስደርስ ሚስቴ ወሬው ቀድሞ ደርሷት አገኘኋት። ሴት ልጅ እንዳለችህ አትርሳ፣ አንተም እንደ ወንድምህ ከጠይቡ ቤት ብትገባ ነገ ማን ያገባታል አለችኝ። እውነቷን ነው። በእውነቷ ደግሞ ይበልጥ ተናደድሁ።

ወንድሜ እንዳለውም ሐሙስ ሄደ፤ ጡረታ እስኪወጣ ቆላ ኖረ፣ እዚያው አገባ። ወፍጮው እሱ ወረቀት ላይ በሣለው ንድፍ መሠረት እንደ ምንም ዞሮ እህል ፈጨ። መብራቱ ግን ከወንድሜ ጋር ሄደ፤ መካነ ሰላም በኩራዝ ብዙ ዘመን ከረመች። የልጅቱ አባትም እህላቸውን በአህያ እየላኩ አስፈጩ። ዱቄቱ ወላሂ አልቆሸሸባቸውም። ዛሬ ተመርቆ ሥራ አጣሁ የሚል ልጅ ሳይ ያ ጥድ ይታየኛል። አገሩ ሥራ ጠፍቶበት አይደለም፤ ሠሪውን ከደጁ የሚያባርር ሰው ሞልቶበት ነው።

ጉባኤው በተነሳ በነጋታው ጠዋት፣ የገበያ ቀን ነበርና መንገዱ በሰው ሞልቶ ሳለ፣ ማረሻ ሳልይዝ ወንዙን ተሻገርሁ። ከጠይቡ አጥር ቆሜ አሰላሙ አለይኩም አልሁ። ሰውየው ማረሻ ያመጣሁ መስሎት ከውስጥ ሆኖ እዚያው ያኑሩት አለኝ። የማኖረው የለኝም ብዬ ገባሁ። ሚስቱን ውሃ ስጪኝ አልኋት። አንዴ ባሏን፣ አንዴ እኔን አየችና በቅል ሰጠችኝ። ቅሉን ይዤ ወደ በሩ ተመለስሁ፤ ገበያተኛው ቆሞ እያየኝ እስከ ጭላጩ ጠጣሁ። ከዚያ ጋቢዬን አውልቄ አጥሩ ላይ ሰቀልሁና፣ ጠይቡን ያልተሳበውን የዘንጉን ጫፍ እሳት ውስጥ ክተተው ብዬ፣ ወናፉን ያዝሁ።