የእዝን እንጀራና የግሪሳ ወፍ

እናቴ በሰኔ ሞተች። እኛ ሸዋ ሮቢት ሐዘን ቤት ባዶ እጅ አይገባም፤ ጎረቤቱ ሁሉ እንጀራውን በመሶብ፣ ወጡን በድስት አድርጎ እዝን ይዞ መጣ። ላለቅስ አፌን በከፈትኩ ቁጥር አንዷ ታጎርሰኛለች። «ብዪ እንጂ፣ ከሞተ ጋር አይሞትም!» እኔም በላሁ። ለቅሶዬን ከጉርሻው ጋር ዋጥኩት፤ ሰዉም «ጎበዝ፣ ቻለችው» አለ።

እዝኑ አለቀ፣ መብላቴ ግን አላለቀም። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ማሽን ላይ ተቀምጬ ነው የምውለው። እናቴ ትቀመጥባት የነበረችውን ዱካ ባየሁ ቁጥር እጄ ወደ ዳቦ ቆሎው ይሄዳል። ሳይርበኝ እበላለሁ፣ በልቼ አፍራለሁ፣ ሳፍር ደግሞ እበላለሁ። የገዛ ቀሚሴን ጎኑን ተርትሬ ሁለት ጊዜ አሰፋሁት። በመስከረም ጤና ጣቢያ ብሄድ ነርሷ «ስኳርሽ ከፍ እያለ ነው፣ ተጠንቀቂ» አለችኝ። እናቴን የገደላት እሱ ነው። በጣም ፈራሁ። ከዚያ ወጥቼ ግን በቀጥታ የሄድኩት ብስኩት ልገዛ ነው።

እትዬ የምላቸው ጎረቤታችን ሙስሊም ናቸው፤ እሳቸው ቤት የታረደ ሥጋ ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ስለማይሆን ለእዝኑ ያመጡት ዳቦ ነበር። በጥቅምት ጉልበታቸውን አመማቸውና «ልጄ፣ ማሽላዬን ግሪሳ ሊጨርስብኝ ነው፤ እስኪታጨድ ጠብቂልኝ» አሉኝ። እምቢ ማለት አፈርኩ።

ከእርሻው መሐል ወፍ ጠባቂ የሚቆምበት የእንጨት ማማ አለ። በመጀመሪያው ጠዋት ማማው ላይ ወጣሁና ወንጭፉን ጎኔ አስቀምጬ ምሳዬን ፈታሁ። ገና ጤዛው እንኳ አልረገፈም! ቀና ስል የማሳው አንዱ ጥግ በወፍ ተወሯል። እትዬ በምርኩዝ እያነከሱ ደረሱ።

«ወላሂ፣ አንቺና ወፉ አንድ ላይ ቁርስ ጀመራችሁ?» አሉና አገልግሌን ወሰዱት። «ፀሐዩ ሲከር ወፉ ያርፋል፤ ያኔ ትበያለሽ። እስከዚያ ሩጪ!»

ተናደድኩ፤ ግን ሮጥኩ። ከዳር ዳር «ሃይ! ሃይ!» እያልኩ፣ እየወነጨፍኩ፣ እያለከለክሁ። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ስጮህ ስጮህ «እማዬ!» የሚል ወጣኝ። እየሮጥኩ አለቀስኩ። ማሽላው ከቁመቴ በላይ ነው፤ የሚያየኝም፣ የሚያጎርሰኝም የለም። ወፉ ግር ብሎ ተነሥቶ ሄደ። ደረቴ ቀለለኝ።

እኩለ ቀን ላይ እትዬ ከተቀመጡበት ግራር ሥር ቁጭ አልኩ። ሆዴ ጮኸ።

«እትዬ፣ ራበኝ» አልኩ። ከሰኔ ወዲህ ይህን ቃል ተናግሬው አላውቅም።

«አልሐምዱሊላህ! በይ ብዪ» ብለው አገልግሉን አቀረቡልኝ። አንድ እንጀራ በላሁና ጠገብኩ። የተረፈውን ራሴ ከደንኩት።

ማሽላው ከታጨደ ቆየ። ነርሷም ስኳርሽ ወርዷል ብላኛለች፤ እፎይ ብያለሁ። ዱካዋን ሳይ እጄን ዛሬም ዳቦ ቆሎው ያምረዋል። ያኔ ማሽኔን ትቼ እስከ ወንዙ ድረስ ፈጠን ፈጠን ብዬ ደርሼ እመለሳለሁ። ከራበኝ እበላለሁ። ካልራበኝ ዱካዋ ላይ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ።