የአክስቴ ሙሉ የወርቅ ሸክላ

ልጅ እያለሁ የአክስቴን የወርቅ ሸክላ የምወለውለው እኔ ነበርኩ። አክስቴ ሙሉ በወጣትነቷ አዲስ አበባ ሄዳ አንድ ዘፈን በሸክላ አስቀርጻ ነበር። ሸክላው ገበያ ደራለትና ሙዚቃ ቤቱ አንዱን ወርቅ አስቀብቶ፣ በመስታወት አስከፍፎ ሸለማት። እኔ ነፍስ ሳውቅ ደባርቅ ሁሉ ወደ ካሴት ዞሯል፤ የእሷ ሸክላ ግን ሻይ ቤቷ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ነው። ላምባና ቅርንፉድ በሚሸተው በዚያ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ በነጠላ ቁራጭ እወለውለዋለሁ። ከእኔ በቀር ማንንም አታስነካም ነበር።

አባቴ ሸክላውን አይወደውም። እህል ነጋዴ ነው፣ የሰንበቴ ሙሴ ነው፣ እህቱ ደግሞ አዝማሪ! ሻይ ሊጠጣ ሲመጣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ይቀመጥ ነበር። እንግዲህ ይህን የተጸየፈውን ነው ወስዶ ለማርያም የሰጣት።

ታናሽ ወንድሜ በተስቦ ሲያጣጥር አባቴ «ልጄን ካተረፍሽልኝ ወርቅ አገባለሁ» ብሎ ተሳለ። ልጁ ተረፈ። በቤታችን ግን ለእናቴ ጆሮ የሚሆን ጉትቻ እንኳ የለ። አንድ የገበያ ቀን አክስቴ ስኳር ልትገዛ ወጥታ ቤቱን ስጠብቅ መጣና «አክስትሽ ልካኝ ነው፣ አውርጂው» አለኝ። አወረድኩት። ጠቅልዬም ሰጠሁት፣ እጄን ይቁረጠውና! ቅብ መሆኑን አያውቅም ነበር ወይስ የማያውቅ መስሎ ነው፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አክስቴ ስትሰማ ሸክላው ቤተ ክርስቲያን ገብቷል። ለቄሶቹ እንዳትናገር ወንድሟን ሌባ ማሰኘት ሆነባት። የስለት ዕቃ ከቅዳሴ በኋላ በቅጥሩ ውስጥ ለጨረታ ይቀርባልና የገዛ ሽልማቷን ተጫርታ ልታስቀር ወሰነች። በእኛ ዘንድ ደግሞ ምክንያት ያለው ሰው ሲጫረት ሌላው ዝም ይልለታል፤ ወጉ ነው። አገሬውም ዝም አለላት።

ወጉን የማያውቅ አንድ የከተማ ሰው ግን ነበር። ሰሜን ተራራን ሊጎበኝ የመጣ፣ አሮጌ የሙዚቃ ዕቃ የሚሰበስብ ሰው ነው። እሷ በጨመረች ቁጥር እሱም ይጨምራል። የያዘችው ሲያልቅ ወደ አባቴ ዞረችና «ደሳለኝ፣ የማን እንደሆነ አንተው ንገራቸው» አለችው።

ሕዝቡ ሁሉ አየው። አንዲት ቃል ነበረች የቀረችው። «የእህቴ ነው» ቢል እንግዳውን ተው ይሉት ነበር። አባቴ ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ «የማርያም ነው» አለ።

ሰውዬው ክፈፉን ተረክቦ አገላብጦ አየና «ዘፋኟ ማን ነበረች?» ብሎ ጠየቀ። አክስቴ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆማለች። አንድም ሰው አልመለሰለትም። እኔም አፌን ይዤ ቆምኩ፤ ይህ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ። አንቱ ስል ያደግኩትን አባቴን በልቤ አንተ ማለት የጀመርኩት ያን ዕለት ነው።

ያኔ ዘፋኝ እህት ነውር ነበረች። ዛሬ ወጣቶች ስልካቸውን ይዘው ከጎንደር ድረስ እየመጡ የድሮ ሸክላ ያለው ሰው ያፈላልጋሉ። አባቴም በሩ ላይ ተቀምጦ «እህቴ እኮ ወርቅ የተሸለመች ነበረች» ይላቸዋል። ስሰማው ደሜ ይፈላል። ወርቋን እሱ በልቶ፣ ስሟን ደግሞ ዛሬ ይኮራበታል!

አክስቴ ሳትሞት ይቅር ብላዋለች። «ልጁ ድኗል አይደል? በቃ» አለች። እሷ እንዲህ ነበረች። አባቴ አሁን አርጅቶ እኔ ጋ ነው የሚኖረው፤ እግሩን አጥባለሁ፣ አበላዋለሁ፣ ምንም አላጎድልበትም። በቀደም ምሳ ላይ እጁን ከመሶቡ መለሰና ቀና ብሎ አየኝ።

«ሙሉስ ይቅር ብላኛለች፤ አንቺስ ልጄ?»

«ይብሉ እንጂ አባባ፣ ወጡ ቀዘቀዘ» አልኩት።